ማህተሙ ያላየው ዳገት

ለአርክቴክት ፈቃድ መሰጠቱን የምቃወም ሰው እንዳልመስላችሁ። እንዲያውም ደስ ይለኛል። ያልተማረ ሰው እንዲያክመን እንደማንፈልግ ሁሉ፣ ያልተማረ ሰው የነደፈው ጣሪያ እንዲናድብንም አንፈልግም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለሰውየው ሆኖ ሳለ፣ ሥራ የሚውለው ማህተሙ ብቻ ነው!

ጎረቤቴ መምህርት ታደለች ሶዶ ውስጥ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባላት ዳገታማ ቦታ ላይ መዋዕለ ሕፃናት አስገነባች። ፕላኑን ያተመላት ባለፈቃድ አርክቴክት ቦታውን በዓይኑ አላየውም። ድሮ ለሁምቦ ሜዳ የነደፈውን አወጣ፣ ስም ቀየረ፣ ማህተሙን ገጭ! አድርጎ ላከላት። በዚያ ፕላን የፍሳሽ ጉድጓዱ ያለው ከመጸዳጃ ቤቱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። እስኪ ፍረዱኝ፤ ፍሳሽ ሽቅብ ይወጣል?

«ጉድጓዱን ወደ ታች ላውርደው» ብላ ማዘጋጃ ቤት ሄደች።

«ቲቸር፣ በጸደቀው ፕላን ካልሠሩ እናስቆምዎታለን» አላት ሹሙ። «ፕላኑን መቀየር የሚችለው ያተመው ባለሙያ ብቻ ነው።» ይባስ ብሎ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብሎ ተረተባት። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ዘንድም አብረን አቤት አልን። የአርክቴክቱ ፈቃድ መታደሱን አዩና «ሕጋዊ ነው» ብለው ሸኙን። ቦታውን ረግጦት ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም!

አርክቴክቱ በስልክ «ነገ እመጣለሁ» እያለ ክረምቱ አለፈ። መስከረም ጠባ። ሕፃናቱ ተመዝግበዋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን የሚሠራ መጸዳጃ ቤት ከሌለው አይከፈትም። በመጨረሻ ታደለች ደውላ «ኢንጂነር፣ ምረቃ አለን፤ ሥጋ በዳጣ ተዘጋጅቷል» አለችው። ለፍሳሹ ያልመጣ ሰው ለሥጋው ከች አለ።

ጸሎት ተደረገ፣ ተበላ። ዳጣችንን ለማታውቁ፣ ከቃሪያ የሚፈጭ እሳት ነው። እንግዳችን «ጨምሩልኝ» እያለ በማንኪያ ዛቀው። ብዙም ሳይቆይ ላብ በላብ ሆኖ ወደ ታደለች ጠጋ አለ።

«መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል ነው?»

«ፕላኑ ላይ አለ፣ ወንድሜ» አለችው፤ ጉድጓዱን ወደ ታች አውርዶ ፊርማውን ሲጠብቅ የከረመውን የማሻሻያ ፕላን ከእስክሪብቶ ጋር እያቀበለችው።

ቆሞ ፈረመ። መቀመጥ የሚችልም አይመስለኝም ነበር። ከኪሱ የማይለየውን ማህተም አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለና፣ ማንም ሳያትምበት ወደተቆፈረው፣ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው የእኔ ጓሮ ሽንት ቤት ሮጠ።

ታደለች ማህተሙን አነሳችና ገጭ! አደረገችው። እስኪመለስ ለምን ትጠብቀው? ድሮስ ሰውየው መቼ አስፈልጎ ያውቃል!