በአቤቱታ ግርጌ የሰፈረ ኑዛዜ

ሌባ ማለት ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። እኔና እናንተማ ቢበዛ ቢበዛ ከወዳጃችን ፍላሽ ላይ አንድ ፕሮግራም ገልብጠን ይሆናል። ደግሞስ ባሕር ማዶ ያለው የፕሮግራሙ ባለቤት፣ ሰቆጣ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻ ስተይብ የት ያየኛል? ቢያየኝስ፣ መብራት ጠብቄ መሥራቴን አይቶ «አይዞህ» ይለኛል እንጂ ይከሰኛል?

እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ሁሉ ክራክ ነው፤ ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ። ማሽኑ ግን ይሉኝታ የለውምና ስክሪኑ አናት ላይ በቀይ እየጻፈ ያጋልጠኛል። ደንበኞቼ እንግሊዝኛውን ጌጥ ነው ብለው ያልፉታል።

አያ ወልዱ አላለፉትም።

አያ ወልዱ እዚሁ ዋግ ውስጥ ያለችው የዝቋላ ወረዳ ገበሬ ናቸው። የመሬታቸው ደብተር አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ሹም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሹሙ «የሻይ» ካላገኘ መሳቢያው አይከፈትም። ክረምቱ ደግሞ እየገባ ነው፤ ወሰን የሚገፋ ጎረቤት አላቸው፤ ደብተሩ ካልወጣ ማሳቸውን ሊያርሰው በሬ ጠምዷል። «ስርቆት ነው ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ። በወኔ ጻፍኩ። ሙስናን ሳወግዝ ጣቶቼ ይፈጥናሉ።

«ይኸ ቀዩ ምን ይላል?»

መዋሸት እችል ነበር። ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ግን አመለጠኝ። «ፕሮግራሙ አልተገዛም ነው የሚለው፣ አያ።»

«ተሰርቋል ነዋ!»

«እንግዲህ... ሁሉም ሰው እኮ የሚያደርገው ነው።»

«ሹሙም ይህንኑ ነው ያለኝ» አሉና ተነሡ። «በተሰረቀ ነገር ሌባ አልከስም፣ ልጄ።» በአገራቸው ቋንቋ በኽምጥኛ የሆነ ነገር እያጉረመረሙ በእጅ የሚጽፍ ሰው ፍለጋ ወጡ። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው።

በማግስቱ ተመለሱ። ቢሮው የእጅ ጽሑፍ አልቀበልም ብሏቸዋል። «ጻፈው እንግዲህ። ግን ከግርጌው ይኸን ጨምርልኝ» ብለው አንድ ቃል ሳይሳሳቱ አስጻፉኝ፦ «ይህ ሁሉ የተሠራው በተሰረቀ ፕሮግራም ነው። አውቄዋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበል።»

እዚህ ላይ ለእናንተም የምናዘዘው አለኝ። የዚያን ቢሮ ኮምፒውተር ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ሹሙ «ኦርጅናል ፕሮግራም» የሚል ደረሰኝ አጻፈኝ፤ የጫንኩለት ግን ይኸንኑ የኔን ክራክ ነው። የዋጋው ልዩነት የት እንደገባ መሳቢያውን ጠይቁት።

አቤቱታው ለሹሙ አለቃ የተጻፈ ቢሆንም የሚያልፈው በሹሙ እጅ ነው። አያ ወልዱ እንዳጫወቱኝ፣ እያዛጋ አነበበው። «ስርቆት» የሚለውን ሲያይ እንኳ ማዛጋቱን አላቋረጠም። ግርጌው ላይ ሲደርስ ግን ላብ አጠመቀው። ኮምፒውተሩን አየ፤ ሽማግሌውን አየ።

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ጸሐፊው ራሱ።»

ደብተሩ ወዲያው ወጣ። ወንበርም ቀረበላቸው።

አያ ወልዱ ሊመርቁኝ ተመልሰው መጡ። ሹሙ በኑዛዜያቸው ልቡ የተነካ መስሏቸዋል። እውነቱን ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ሲወጡ ቀዩን ጽሑፍ ቀና ብለው አዩት።

«እኔስ የኔን ተናዝዣለሁ» አሉኝ። «ያንተ ቀርቷል።»

ከሰዓት በኋላ ሹሙ ራሱ መጣ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ ሊጋብዝ። ስለ ግርጌው ጽሑፍ እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ።

ጠጣሁለት። ስኳሩ በዝቶ ነበር።