የአያ ውበቱ የጭቃ ፉርጎ

አንባቢ ሆይ፣ ወንበር ካየ የት እንደሚያደርሰው ሳይጠይቅ የሚሻማ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን በጣሊያን ጊዜ፣ ቡሬ ላይ ገጥሞኛል።

ጎረቤታችን አያ ውበቱ ድሬዳዋ ድረስ በባቡር ሄደው ያውቃሉ። አንድ በጋ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጡ የጭቃ ጡቦች ሠርተው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ እነሱን እየደረደሩ የመንገደኛ ፉርጎ አበጁ። ርዝመቱ አንድ ክንድ ነው፤ መስኮት አለው፤ ስምንት ወንበርም አለው።

ልናይ የሄድን ሰዎች ወዲያው ተጣላን። ጣሊያን የሾመው ሹማችን፣ «የፊተኛው የእኔ ነው» አለ። ቄሱ፣ «ከካህን ፊት ማን ሊቀመጥ?» ብለው ተቆጡ። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን በጣቴ ያዝሁ። ድመት እንኳ የማትቀመጥበት ወንበር መሆኑን ማን ያስታውስ?

አያ ውበቱ አንድ በአንድ አዩን። ሹሙ ፈገግ ብሎ፣ «ዱር የገባው ልጅዎስ የት ሊቀመጥ ነው?» አላቸው።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። እሳቸው ግን በጉብታው ላይ ወዳለው የጣሊያን ምሽግ ቀና ብለው፣

«ፉርጎ የሚሄደው የሚጎትተው ወደ ወሰደው ነው» አሉ። «የእኔ ልጅ በእግሩ ይሄዳል።»

ሁላችንም አቀረቀርን። ወንበሩን የለቀቀ ግን አልነበረም።