የ«ሄልፕ» ሃያ ሰባት ዘመዶች

ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር የሌለበት ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤት ቢኖረውም ገና ከተማ አልሆነም። መምህሩ ጡረታ ቢወጣ ትምህርቱ ጡረታ አይወጣምና፣ ጥቁር ሰሌዳ ሲያጣ ሱቁንም፣ መንገዱንም፣ የለቅሶ ድንኳኑንም ክፍል ያደርገዋል። መካነ ሰላም በዚህ በኩል አልተበደለችም። ክቡር መምህር ጋሽ አምላኩ አሏት።

ክቡርነታቸው በየማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ ከሷሊህ የሞባይል ጥገና ሱቅ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ ይሰየማሉ። ሷሊህ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ አሁንም ተማሪያቸው ነው፣ ማንም አላስመረቀውም። የኮታቸው የደረት ኪስ ሁለት እስክሪብቶና ጠርዟ የተበላ አንዲት ደብተር ይዟል። ደብተሯ የአንድ ቃል ደብተር ናት፤ የ«ሄልፕ»። መርዳት ማለት እንደሆነ የሁለተኛ ክፍል ልጅም ያውቃል። ጋሽ አምላኩ ግን የሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚያውቀውን ነገር እንዲሁ አያምኑም፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት የማስተማር ዘመናቸው ለዚያ ቃል ሃያ ሰባት ዘመዶች አፈላልገው መዝግበዋል።

አንድ ደንበኛ ገብቶ «ሷሊህ፣ እስቲ ሄልፕ አርገኝ» ካለ አለቀለት።

«ቆይ! ሌላ ቃል?» ይላሉ ከአግዳሚው።

ሰውዬው የሞተ ስልኩን እንደያዘ ይቆማል።

«‹አሲስት› የሚባለው ዋናው ሠራተኛ ሌላ ሰው ሲሆን ነው። ‹ኤይድ› በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ነው። ‹ሬስኪው› ደግሞ ወንዝ ሲወስድህ። አንተን ወንዝ ወስዶሃል?»

«ኧረ አሏህ ይጠብቀኝ ጋሼ! ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ ነው።»

«እንግዲያው ቃልህን መጥነህ ተናገር።»

አንድ ቀን ከሱቁ አጠገብ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጠው አስቻለች ተራ ደረሳት። «ሌንድ ኤ ሃንድ» ማለት ቃል በቃል እጅ ማበደር እንደሆነ አብራሩላት።

«ይመለሳል?» አለች አስቻለች።

«ምኑ?»

«የተበደሩት እጅ ነዋ! ዛሬ ለእኔ አጭደው ነገ እኔ የማጭድልዎ ከሆነ ወንፈል ነው። ጠርቼዎት፣ ሠርተውልኝ፣ አብልቼዎት የሚሸኙ ከሆነ ጅጌ ነው። ይሄ የእርስዎ ከየትኛው ነው?»

ጋሽ አምላኩ ደብተራቸውን አውጥተው «ይጣራ» ብለው ጻፉ፤ እንዲህ ያለ ነገር በታሪክ ታይቶ አያውቅም።

ሷሊህን የሚከነክነው ሌላ ነገር ነው። እኚህ ሰው ለራሳቸው ሲቸግራቸው ከሃያ ሰባቱ የትኛውን መዝዘው ያወጡ ይሆን? ሲጠይቁ የሰማቸው የለም። በጄሪካን ውሃ ሲይዙ ሊቀበላቸው የሚሮጠውን ሁሉ «ኖ ኒድ!» ብለው ይመልሱታል፤ ከዚያ እየቆሙ፣ እያረፉ፣ ውሃው ግማሹ እየተደፋ ቤታቸው ይደርሳሉ።

ሰኔ ሲገባ ግን ንፋስ መጣና የቤታቸውን ቆርቆሮ ግማሹን ገልጦት ሄደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻለም አስም አለባቸው፤ አልጋቸው ወደ አንድ ጥግ ተገፍቶ ላስቲክ ተወጠረበት። ጎረቤት «ጋሼ፣ እንምጣ?» ቢል፣ «ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው፤ አናጢ ከወግዲ እየመጣ ነው» አሉ። አናጢው ነገ፣ ነገ እያለ ሦስት ቀን አለፈ። በአገሩ ደንብ ደግሞ ባለቤቱ ያልጠራው ሰው ጣሪያ ላይ አይወጣም። ሳይጠሩ መውጣት «አቅም የለህም» ብሎ እንደ መስደብ ይቆጠራል። ስለዚህ መንደሩ መሰላሉን አዘጋጅቶ ጥሪ ይጠብቃል፣ ጋሽ አምላኩ አናጢ ይጠብቃሉ፣ ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

በአራተኛው ቀን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ሆኖ ለሚቀባበርበት ለቅሬው ደብዳቤ ደረሰ። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሱፍያን ወረቀቱን ለሷሊህ ሰጡት፤ ሷሊህም ለተሰበሰበው ሰው አነበበ።

«ቁጥር፦ 01። ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። በጣሪያዬ ላይ የተፈጠረውን ክፍተት በተመለከተ፣ ቅሬው አስፈላጊውን ትብብር፣ ድጋፍ፣ እገዛና ርብርብ እንዲያደርግልኝ እየጠየቅሁ፣ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አሳስባለሁ። ግልባጭ፦ ለራሴ።»

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሼህ ሱፍያንም ስቀው ስቀው እንባቸውን ጠረጉ።

«አውፍ በሉኝና፣ በወረቀት የተጠራ ጅጌ አባቴም አላዩ፣ እኔም አላየሁ» አሉ። «ጅጌ ከሰው ደጅ ቆሞ በአፍ ነው የሚጠራ። ሷሊህ፣ እንዲህ በልልን፦ ማኅተም የለነም፣ እጅ ግን አለነ።»

ሷሊህ ሲደርስ ጋሽ አምላኩ ወንበር ላይ ቆመው ላስቲኩን በገመድ ሊያስሩ ይታገላሉ። ከውስጥ የወይዘሮ የሻለም ሳል ይሰማል። መልእክቱን ነገራቸው።

«ደብዳቤው ምን ጎደለው?» አሉ ከወንበሩ ሳይወርዱ። «ሥርዓተ ነጥቡ?»

«ደብዳቤውስ ሙሉ ነው ጋሼ። እርስዎ ነዎት የጎደሉበት።»

ጋሽ አምላኩ ቀስ ብለው ወረዱ። በዓባይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና፣ «ዕድሜዬን በሙሉ ስጠየቅ ነው የኖርኩት፤ መጠየቁን አላውቅበትም» አሉ። ሷሊህን አሳዘኑት። ላስቲኩን ልሰር ማለት አማረው፤ ግን አልተጠራም። «አብሽሩ ጋሼ» ብቻ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ የሷሊህ በር ተንኳኳ። ጋሽ አምላኩ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል። ደብተራቸውን አወጡ፣ ገለጡ፣ መልሰው ከደኑ።

«ሷሊህ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ናልኝ።»

ይኸው ነው። ከሃያ ሰባቱ አንዱም አይደለም። ከዚያ ወደ አስቻለች ደጅ፣ ከዚያ ወደ ሼህ ሱፍያን ደጅ አለፉ፤ በየደጁ ቆመው «ኑልኝ» አሉ። ከረፋዱ በፊት ሠላሳ ሰው ግቢያቸውን ሞላው። ሰባት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድ የመጨረሻው ምስማር ተመትቶ ነበር፤ ወይዘሮ የሻለም አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የቆርቆሮውን ድምፅ እየሰሙ ሠራተኛውን ሁሉ በየስሙ መረቁ። ጋሽ አምላኩ ግን ያው ጋሽ አምላኩ ናቸው፤ ሥራው ሳያልቅ ከሥር ሆነው ወደ ጣሪያው ይጮኹ ነበር፦ «ሷሊህ! መዶሻ ያቀበለህ ሰው ‹አሲስት› ነው ያደረገህ!»

በነጋታው ሁለት ሰዓት ላይ አግዳሚዋ ላይ ተሰየሙ። ቆርቆሮው በተገለጠባቸው ቀናት ባዶዋን ስትውል ሷሊህ ሱቁ ጭር ብሎበት፣ ናፍቀውት ነበር።

«ለ‹ሄልፕ› ሌላ ቃል?» አሉት።

ሷሊህ ሃያ ሰባቱንም ያውቃቸዋል፤ ከኋላ ወደ ፊትም ይወጣቸዋል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንዱም ጠፍቶት አያውቅም።

«ጠፋኝ ጋሼ» አለ።

ጋሽ አምላኩ ፊታቸው በራና ደብተራቸውን ገለጡ።