መርከብ ሠሪው ሙሜ

ሥራ ካልያዘ እጁን የሚበላው ሰው ያውቃሉ? ለራሱ ቢበላው ምን ቸገረን! እኛንም ትንፋሽ ያስውጠናል እንጂ።

ሙሜ የአሰበ ተፈሪ ጫት ነጋዴ ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም። በደርግ ጊዜ፣ አሰብ ወደብ የሚሠራው ወንድሙ መዳፍ የምታክል ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መርከብ ላከለት። አጥሯና መሰላሏ አብሯት ከመጣ፣ ከጫት ቅጠል ይልቅ ከሳሳ ናስ ላይ በምላጭ እየተቆረጠ፣ በወረንጦ ተይዞ በሙጫ ይለጠፋል። መቼ? አብረን በምንቅምበት በርጫ መሀል፣ እሱ መርቅኖ፣ ጉልበታችን ከጉልበቱ ገጥሞ!

አንድ ቀን የመጨረሻውን መሰላል ሊለጥፍ ሲል አንዱ አስነጠሰ። መሰላሉ በረረ።

«አቦ፣ ማንም እንዳይነቃነቅ!»

ምንጣፉን ዳበሰ። ኪሳችንን አራገፈ። አብረውን የሚቅሙትን የሐጂን ጢም ሳይቀር በማበጠሪያ ፈተሸ። እኔ እግሬ ደንዝዟል፤ ቀበሌም ስብሰባ ጠርቶናል፤ መቅረት ደግሞ በዚያ ዘመን ቀልድ አይደለም።

«ሙሜ፣ በአላህ ልቀቀን!» አልኩት።

«መሰላል የሌለው መርከብ የት አይተሃል?»

እሱስ የት አየ?

በንዴት ከፊቱ ካለው ጫት ቀንጥሶ ጎረሰ። ቀጭ! ጉንጩን በወረንጦ በርብሮ የተጣመመ መሰላል አወጣ። ለካ ጫቱ ላይ ወድቆ ኖሯል።

ይቅርታ ጠየቀን? መሰላሉን በሽርጡ ጠረገና አንድ በአንድ አፈጠጠብን።

«ማነው ያስነጠሰው?»