የፐርሲመኑ ቀጠሮ

አንባቢዬ፣ ችኩል ሰው አይተው ያውቃሉ? ጎረቤቴን አቶ ይርሳውን ካላዩ አላዩም! ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ለባለጉዳይ ቀጠሮ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ፐርሲመን የሚባል የባሕር ማዶ የፍራፍሬ ችግኝ ሰጣቸውና ጓሯቸው ተከሉት። ከዚያ ወዲህ ምን ሰላም አለ? ጠዋት ቅጠሉን ይቆጥራሉ፤ ለምሳ ሲመጡ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቁመቱን በክንዳቸው ይለካሉ። «ዛሬም አላደገም?» ይሉኛል በአጥር ላይ ተንጠራርተው። እኔ ምን ላድርግ? ልጎትተው?

በአምስተኛው ዓመት አፈራ። ፍሬው ገና ቀላ ሲል የንስሐ አባታቸውን፣ እኔንና ደጃቸውን ሲጠኑ የኖሩ አንድ ከሮብ ገበያ የመጡ ባለጉዳይ ሽማግሌ ጠርተው አደሉን። ለካ አልበሰለም! ምላሴ እንደ ቁርበት ደረቀ፤ አባም ምርቃቱ አፋቸው ውስጥ ቀረ። አቶ ይርሳው በንዴት መጥረቢያ አንስተው ዛፉን ከሥሩ ጣሉት።

ሽማግሌው ግን ድርሻቸውን ሳይቀምሱ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ሄደው ነበር። በወሩ ደጅ ሊጠኑ ሲመለሱ ፍሬውን ፈትተው አቀረቡ፤ እንደ ቅቤ ለስልሷል።

«ጤፍ ውስጥ ቀብሬ አቆየሁት፤ ይቅመሱት ጌታዬ።»

አቶ ይርሳው ቀመሱ። ማር ነው! ጉቶውን አዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እንዴት አስቻለዎት፣ አባቴ?»

«ሰባት ዓመት አስለመዱኝ እኮ። የመሬቴስ ነገር፣ ዘንድሮ ይታይልኝ ይሆን?»

አቶ ይርሳው ጣታቸውን እየላሱ፣ «ከፋሲካ በኋላ ይመለሱ» አሏቸው።