ላልደከመ ሰው የተሠራ ወንበር

ወንበር ሰውን ያናድዳል? እኔን አናዶኛል።

የጉለሌ መንገዳችን ታደሰ። መብራቱ፣ አበባው፣ የእግረኛ መንገዱ ያምራል። አልዋሽም፣ እኔም እንሸራሸርበታለሁ። ግን ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ የነበረው የድንጋይ ካብ ምን አደረጋቸው? አሮጌ ነው ብለው አፈረሱት። በቦታው ዝቅ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ወንበር ተከሉ። ፎቶ ለሚነሳ ይመቻል።

ካቡን ለማያውቅ ልንገር። ቁመቱ ወገብ ድረስ ነበር። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክሞ የወረደ ሰው ጀርባውን ይሰጠዋል። ሸክሙ ካቡ ላይ ያርፋል፤ ደረት ላይ የታሰረው ገመድ ይላላል። ተንፍሶ፣ ሸክሙን ሳያወርድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እንዴት አወቅህ በሉኛ። በልጅነቴ ተሸክሜያለሁ። እናቴ ታማ ነበር። በቃ፣ ከዚህ በላይ አላወራም።

ባለፈው ጎረቤቴ እማማ ብርቄ ሸክማቸውን አዝለው መጡ። ዛሬም ቅጠል ሸጠው ነው የሚኖሩት። ካቡ የለም። ዞር ዞር ብለው የአበባውን መደብ አዩ፤ ጠርዙ ልክ ወገብ ላይ ነው። ጀርባቸውን ሊሰጡት ሲሉ ፊሽካ ተነፋ።

"እማማ፣ አበባው ላይ ክልክል ነው!" አለ ጥበቃው። "ወንበር አለልዎት አይደል? እንደ ሰው ቁጭ ይበሉ!"

እንደ ሰው! ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የተቀመጠ ሰው በምን ይነሳል ብዬ ጮህኩበት። አያገባዎትም አለኝ።

"ተወው" አሉኝ እማማ ብርቄ። "ሰው ሁኚ ካለኝ ልሁንለት።" ተቀመጡ።

ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ መነሳት መጣ። ሞከሩ፤ ሸክሙ ወደ ኋላ ጎተታቸው። ደግመው ሞከሩ። ጥበቃው ፊሽካውን ኪሱ ከቶ እጃቸውን ያዘ። ቢስብ ቢስብ፣ ንቅንቅ የለም።

"አባባ፣ ያግዙኝ እንጂ!" አለኝ።

አያገባኝም ልለው አሰኝቶኝ ነበር። እማማን አይቼ ተውኩት። ለሁለት ጎትተን አስነሳናቸው። ጥበቃው ወገቡን ይዞ ቀረ።

"ተባረክ ልጄ" አሉት። "ነገም በዚሁ ሰዓት ነው የማልፈው።"

በማግስቱ ጥበቃው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩ። እማማ ብርቄ መጡ፤ ጀርባቸውን ለአበባው መደብ ሰጡ። ጥበቃው ሰማይ ሰማይ ያያል። ፊሽካውስ? ነፋው እንጂ! ከኋላቸው የመጣች ሌላ ባለ ሸክም ወንበሩ ላይ ልትቀመጥ ስትል እየሮጠ ደረሰባት።

"እዚያ ክልክል ነው! ወደ አበባው!"