ልብ የሌለው ሚዛኑን ይጠብቅ

ሰው በሀብቱ ቢኩራራ ቤቱ ሄዶ ማየት ይቻላል። በዘሩ ቢኩራራ አገሩ ወርዶ መጠየቅ ይቻላል። ባየው አስፈሪ ፊልም የሚኩራራውን ግን ምን ታደርገዋለህ? ምስክር የለው፣ ማስረጃ የለው! በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ጀግና የማይጠፋው ለዚህ ነው። አንተ “ትናንት አንድ ፊልም አይቼ እንቅልፍ አጣሁ” ስትል እሱ ፈገግ ይላል። ትልቁን በሽታ ያከመ ሐኪም ጉንፋን ይዞት ለመጣ ሰው የሚያሳያት ፈገግታ ናት። ከዚያ “ይሄማ የልጅ ማባበያ ነው” ብሎ ያሰናብትሃል።

የእኛው ጀግና የሚገኘው መርካቶ እህል በረንዳ ነው፤ ሊቀ ድንጋጤ፣ የአስፈሪ ፊልሞች አጋፋሪ፣ የባቄላና የምስር አከፋፋይ፣ ክቡር ጋሼ ማሙሸት። ስሙን የሰማ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ስድሳን የተሻገረ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ፣ ድምፁ ከጆንያ ሥር የሚወጣ የሚመስል ሰው ነው። ሱቁ በር ላይ የተደረደሩት የባቄላ ጆንያዎች ዙፋኑ ናቸው። ከምሳ በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ተሸካሚዎች ጀርባቸውን ሲያሳርፉ፣ ሰግደው የሚመለሱትም ጎራ ሲሉ፣ ጋሼ ማሙሸት ጆንያው ላይ ይወጣና አዋጁን ያሰማል፦

“ልብ ያለው ይቀመጥ! ልብ የሌለው ሚዛኑን ይጠብቅ!”

ሚዛኑ በሩ አጠገብ የቆመው ትልቁ የብረት ሚዛን ነው። ወንድ ልጅ አንዴ ፊልም ፈርቶ እዚያ ከቆመ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ የገበያው መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉም ይቀመጣል። እኔም ለጓዳዬ ምስር ልገዛ እሄድና እቀመጣለሁ።

በጋሼ ማሙሸት ፊት “ፊልም አስፈራኝ” ማለት ጭብጥ ቆሎ ይዞ እህል በረንዳ ለንግድ መምጣት ነው። ከጎኑ ያለው የጤፍ ነጋዴ የሰላሁዲን እህት ሰአዳ አንድ ቀን ተሳሳተችና፣ “ጋሼ፣ ወላሂ ሳምንቱን ሙሉ መብራት አብርቼ ነው የተኛሁት” አለችው።

“መብራት? የኔ ልጅ፣ እኔ ሲኒማ ራስ ያየሁትን ብታዪ፣ መብራቱ ራሱ ‘ሰው አጠገቤ ይተኛ’ ይል ነበር።”

አንዱ ተሸካሚ ደግሞ ሰው ሰውን የሚበላበት ፊልም አይቶ ሥጋ እንዳስጠላው ቢናገር፣ ጋሼ ማሙሸት በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። “እኔ እሱኑ ሳይ ጥሬ ሥጋ እየቆረጥኩ ነበር። አዋዜው ነው ያነሰኝ።”

ለቦታም ለጊዜም ግድ የለው። አንድ ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ እንደ ማጽናኛ ይሁን ብሎ፣ “ጫማዬን ረስቻለሁ” እያለ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ሬሳ የሚያሳይ ፊልም አወጋን። ለማደር የመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ጉንፋን፣ አንዱ የቤት ቁልፍ ሰበብ እያደረጉ ከድንኳኑ ሹልክ ሹልክ አሉ። የሟች ሚስት በማግስቱ የባሏን ጫማዎች አንድ ሳታስቀር ለነዳያን መጸወተች። ፊልም እንዲህ ለጽድቅ የዋለበትን ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

በእርግጥ መርካቶ ላይ መፍራት ለፈለገ ሰው ፊልም ምን ያደርግለታል? ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረች የ‘ይፈርሳል’ ምልክት ትበቃዋለች። ግን ሰው ከራሱ ፍርሃት የሚያርፈው የሌላ ሰው ፍርሃት ሲዋስ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ፍርሃት የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ አንዳቸውም አላስፈሩኝም። ጋሼ ማሙሸት ግን በወንበር ብቻ አስፈራኝ።

“አንዲት ሴት ናት” ብሎ ጀመረ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ። “ባሏ ሞቷል። ወንበሩ ግን ገበታው ራስጌ እንዳለ ነው። ቀብረውት ሲመለሱ፣ ወንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ልጆች ናቸው ብላ መለሰችው። ገበያ ደርሳ መጣች፤ ወደ መስኮት ዞሯል። እንደገና መለሰችው። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መጣች፤ ወደ በሩ ዞሮ ይጠብቃታል።”

“ማን ነው የሚያዞረው?” አለ አንዱ።

“ማንም! ጥርስ የለ፣ ደም የለ፣ ምን የለ። ወንበር ነው! እሷ እያየችው ንቅንቅ አይልም። አንድ ማታ መብራት ልታጠፋ ጀርባዋን ሰጠችው። ይሄኔ ከኋላዋ... ኪርርርርር...”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ የባቄላ ገዢ መጣ” አለና ከጆንያው ወረደ።

ገዢ መምጣቱ እውነት ነው። ግን በማግስቱም ልክ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ገዢ መጣ፤ በሣልስቱም እንዲሁ። ሴትዮዋ ጀርባዋን እንደሰጠች ቀረች።

ሰላሁዲን ይህን ነገር አልወደደውም። የጤፍ ነጋዴ ነውና፣ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ሳይከት የሚያምን ፍጥረት አይደለም፤ ላዩ ነጭ ማኛ፣ ሥሩ ድብልቅ ሰርገኛ የሆነ ጤፍ ብዙ አይቷል። “ይሄ ሰውዬ ላዩ ብቻ እንዳይሆን” አለና አዘናግቶ የፊልሙን ስም ጠየቀው። ጋሼ ማሙሸት የወንድሙ ልጆች እቤቱ ሲያዩት አብሮ የተቀመጠበት ፊልም ነበርና ስሙ ከአፉ አመለጠ። እኔ አልጠራውም፤ ማስታወቂያ ይሆናል። ሰአዳ ያንኑ ከቴሌግራም አወረደችው።

“ነገ ከምሳ በኋላ እኛ ሱቅ!” አለ ሰላሁዲን እጁን እያፋተገ። “ኳስ በምናይበት ቴሌቪዥን። ጋሼ ከፊት ይቀመጣል። ልብ ያለው ይመጣል፣ አይደል ጋሼ?”

“ይሄማ የልጅ ማባበያ ነው” አለ ጋሼ ማሙሸት። ድምፁ ግን ያን ቀን ከጆንያው ሥር ሳይሆን ከጉሮሮው ነው የወጣው።

በኋላ ራሱ የነገረኝ ነገር ይህ ነው፦ ጋሼ ማሙሸት በዕድሜው አንድም አስፈሪ ፊልም አላየም። ገብቷል እንጂ አላየም። ሲኒማ ራስ ኮቱን ተከናንቦ፣ ቪዲዮ ቤት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እቤቱ በጋቢው ተሸፋፍኖ፣ ሁሉንም የጨረሰው በጆሮው ነው። ሙዚቃው ወፈር ማለት ሲጀምር ዓይኑ ሳይታዘዝ ይከደናል። ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ኮሽታ ሁሉ፣ እዚያው ጨለማው ውስጥ፣ ብቻውን ሥጋ ያለብሰዋል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ እትዬ ታንጉት ብቻ ነበረች፤ እሷም እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

“አሞኛል በላቸዋ፣ ማሙዬ” አለችው ያን ምሽት።

“ታምሜ አላውቅም ብያቸዋለሁ።”

“እንግዲያው ዓይንህን ክፈት!”

“አንቺ ደግሞ! ቀላል አደረግሽው።” ጋቢውን አጣጥፎ፣ ፈትቶ፣ እንደገና አጣጠፈው። “ከዚያ ጆንያ ላይ ካወረዱኝ፣ ታንጉት፣ ባቄላ ሻጭ ብቻ ሆኜ እቀራለሁ።”

“ባቄላ ሻጭስ አይደለህም?”

“ነኝ። እሱን እንዲረሱልኝ እኮ ነው የምለፋው።”

በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ገበያ አልነበረም። የሰላሁዲን ሱቅ ጢም አለ። ጋሼ ማሙሸትን ከፊት አስቀመጡት። ሰላሁዲን የራሱን የፕላስቲክ ወንበር ጎትቶ፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊቱን ለጋሼ ማሙሸት ሰጥቶ ተሰየመ። እሱ የተቀመጠው ሌላ ፊልም ሊያይ ነው።

ሙዚቃው ወፈር ማለት ጀመረ። ባርኔጣው ቀስ እያለ ወደ ቅንድብ ወረደ።

“ጋሼ፣ ባርኔጣ!” ባርኔጣው ወደ ላይ ተመለሰ።

እጁ ላብ የሚጠርግ መስሎ ወደ ግንባሩ ሄደ።

“ጋሼ፣ እጅ!” እጁ ወረደ። የቀሩት ሽፋሽፍቶቹ ብቻ ናቸው። እነሱንም ከደናቸው።

በዚህ መሀል ከቴሌቪዥኑ ኪርርርርር የሚል ድምፅ ወጣ። ጋሼ ማሙሸት ዓይኑን እንደ ጨፈነ ከመቀመጫው ዘሎ፣ “መጣ! ወንበሩ ዞረ! በማርያም፣ ዞሪና እዪው አንቺ ሴት!” ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

“ምን ወንበር አለ ጋሼ?” አለች ሰአዳ እንባዋን እየጠረገች። “ሰውዬው ፍሪጅ እየገፋ ነው!”

ጋሼ ማሙሸት ዓይኑን ገለጠ። እውነትም ፍሪጅ ነው። ፍሪጁ ተከፈተና የጎማ ጥርስ ያለው፣ አረንጓዴ ነገር የሚያንጠባጥብ፣ ጀርባው ላይ የልብሱ ዚፕ የሚታይ ጭራቅ ወጣ። ጋሼ ማሙሸት ያፍራል ብለን ስንጠብቅ፣ ፊቱ ላይ ያየነው ሐዘን ነው። ጭራቁን ልክ ሰው የጎዳውን ልጅ እንደሚያይ አድርጎ አየው።

“ይሄ ነው?” አለ። “ዕድሜ ልኬን ኮት ተከናንቤ የኖርኩት ይሄን ነው?”

ባርኔጣውን አስተካክሎ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ “ጋሼ ፍሪጅ” ሆነ። ጆንያው ላይ መውጣቱን ተወ፤ አጠገቡ ቆሞ ዋጋ ይናገራል፣ ይመዝናል። እንደ ፈራው ባቄላ ሻጭ ብቻ ሆነ። እኛም ከምሳ በኋላ ከልማድ ተሰብስበን እንቀመጥና እያንዳንዳችን በየስልካችን ላይ እናቀረቅራለን። አንዱ ለብቻው ይስቃል፤ ሌላው ለምን እንደ ሳቀ አይጠይቅም። ሐሰተኛ ነቢያችንን አጋልጠን እውነትን አግኝተናል፤ እውነቷ ግን ከምሳ እስከ አስር ሰዓት እንኳ የምታደርስ አልሆነችም።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። ሰላሁዲን ከሱቁ ወጣ ባለ ቁጥር የፕላስቲክ ወንበሩን እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ይገለብጠውና ጆንያ ይጭንበታል።

“ምን ሆኖ ነው?” አልኳት ሰአዳን።

“እንዳይዞር ነዋ! እቤት ያሉትንም ሁሉ አስተኝቷቸዋል። ይመኑኝ፣ ትናንት እንግዳ መጥቶ መሬት ነው የተቀመጠው።”

“አንቺ! አፍሽን ዝጊ!” አለ ሰላሁዲን ከውስጥ። ወዲያው ግን ወጣና የባቄላ ሱቁ በር ላይ ሄዶ ተገተረ። “ጋሼ... ከዚያስ?”

“ከምኑ?” አለ ጋሼ ማሙሸት ቀና ሳይል።

“ከወንበሩ።”

“ፍሪጅ ነው ብላችኋል።”

“ፍሪጁ የፊልም ሠሪዎቹ ነው፤ ይውሰዱት። ወንበሩ ያንተ ነው። ሴትዮዋ ጀርባዋን እንደሰጠች ናት፣ እኔም አብሬያት ቆሜያለሁ። አቦ፣ ጨርስልን!”

ጋሼ ማሙሸት ከጆንያው የባቄላ ፍሬ አንስቶ በጣቱ ሲያገላብጥ ቆየ። “መጨረሻውን እኔም አላውቀውም፣ ሰላሁ። ገዢ መጣ የምላችሁ ፈርቼ ነው። እዚያ ደርሼ እመለሳለሁ።”

“ዛሬ አትመለስ። ይኸው አለን።”

ስልኮች አንድ በአንድ ኪስ ገቡ። ጋሼ ማሙሸት ጆንያው ላይ ወጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና ዓይኑን ጨፈነ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይደበቅ፣ ሰው እያየው። “ልብ ያለው ይቀመጥ!” አለ፤ ድምፁ ከጆንያው ሥር ተመልሶ መጣ። “ልብ የሌለው...”

አልጨረሰውም። ሰላሁዲን ተነሥቶ ሄደና ከሚዛኑ አጠገብ ቆመ፤ ብረቱንም በሁለት እጁ ያዘ። አንድም ሰው አልሳቀም።

“...ኪርርርርር” አለ ጋሼ ማሙሸት።

ምስሬን አንጠልጥዬ ተነሣሁና ከሰላሁዲን ጎን ሄጄ ቆምኩ።

“ምስሩ ተመዝኗል እኮ” አለኝ በሹክሹክታ።

“ይደገም” አልኩት።